የድድ በሽታ፦ ሳያሳምም የሚቆየውን ሕመም በጊዜ ማወቅ

ጥርስዎን ቦርሸው ወይም ፍቀው ሲጨርሱ የሚተፉት ውኃ ደም ከቀላቀለ ድድዎ ታሟል ማለት ነው። ጤናማ ድድ ብሩሽም ሆነ መፋቂያ ሲነካው አይደማም። ብዙ ሰው ግን ስለማያመው ብቻ «ብሩሹ ጠንክሮብኝ ነው»፣ «ቫይታሚን አንሶኝ ነው» እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ወደ ሐኪም የሚሄደው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥርሱን ይዞት የነበረው አጥንት ተበልቷል።

የድድ በሽታ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ቆይቶ ሲገኝ ግን ማቆም እንጂ የጠፋውን መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅ ጥርስን የማትረፍ ያህል ነው።

ዋና ዋና ነጥቦች

- ድድ መድማት የተለመደ ቢሆንም ጤናማ አይደለም።
- የድድ በሽታ ብዙውን ጊዜ አያምም። ሕመም እስኪሰማዎት አይጠብቁ።
- ድድዎ ሲደማ መቦረሽዎን አያቁሙ።
- የጥርስ እጥበት ጥርስ አያነቃንቅም።
- የስኳር ሕመም ካለብዎት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ድድዎን አዘውትረው ያስመርምሩ።

የድድ በሽታ ምንድን ነው?

የጥርስ ሥር ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተያያዘው በቀጫጭን ጅማቶች ነው። ድድ ደግሞ ይህን መያዣ ከላይ ሸፍኖ ከባክቴሪያ ይጠብቀዋል። የድድ በሽታ የምንለው ይህ ሽፋን፣ እየቆየም ከሥሩ ያለው ጅማትና አጥንት፣ በባክቴሪያ ምክንያት ሲቆጣና ሲጎዳ ነው።

በሽታው ከጥርስ መቦርቦር የተለየ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ራሱ ይበላል፤ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካውም ያማል። በድድ በሽታ ግን አንድም ቀዳዳ የሌለው ነጭ ጥርስ ተነቃንቆ ሊወልቅ ይችላል። «ጥርሴ ተቦርቡሮ አያውቅም» ማለት ድድዎ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከባድ የድድ በሽታ አለባቸው።

ሁለቱ ደረጃዎች

*የድድ ብግነት (ጂንጂቫይቲስ)*፦ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነካ ይደማል። ጉዳቱ በድዱ ላይ ብቻ ስለሆነ አጥንቱ አልተነካም። በአግባቡ ካጸዱትና ከታከሙት ምንም ጠባሳ ሳይተው ይድናል።

*ፔሪዮዶንታይቲስ*፦ ብግነቱ ወደ ጅማቱና ወደ አጥንቱ ሲዘልቅ የሚመጣው ደረጃ ነው። ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ በመካከላቸው ኪስ የመሰለ ክፍተት ይፈጠራል። ኪሱ በጠለቀ ቁጥር ብሩሽ አይደርስበትም፣ ባክቴሪያውም ይበዛል። አጥንቱ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል፤ ጥርሱም መያዣ ያጣል። የድድ ብግነት ያለበት ሰው ሁሉ እዚህ ደረጃ ላይ አይደርስም። ማን እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር ስለማይቻል፣ የሚደማ ድድን ሁሉ ማከም ይሻላል።

እንዴት ይጀምራል?

ጥርስ ላይ በየዕለቱ ፕላክ የሚባል ቀለም የለሽ፣ ተለጣፊ የባክቴሪያ ሽፋን ይፈጠራል። በምላስዎ ጥርስዎን ሲነኩ የሚያሟልጭ ወይም የሚሻክር ነገር ከተሰማዎት እሱ ነው። በየቀኑ ካልተወገደ ከምራቅ ውስጥ ካልሲየም እየሳበ ይደነድናል። ይህ የደነደነው ቢጫ ወይም ቡናማ ነገር ታርታር ይባላል። ፕላክ በብሩሽ ይለቃል፤ ታርታር ግን በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ አይለቅም፤ በጥርስ ባለሙያ መሣሪያ ብቻ ነው የሚነሣው።

ይህ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሆን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው የሃራልድ ሎ እና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። በዴንማርክ 12 ጤነኛ ፈቃደኞች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ጤናው ተመለሰ። ከዚህ የምንረዳው ድድን ለማሳመም ጥቂት ሳምንት ቸልተኝነት እንደሚበቃ፣ ገና ሲጀምር ከተያዘም መዳኑ የቀናት ጉዳይ መሆኑን ነው።

ምልክቶቹን እንዴት ይለዩአቸዋል?

መስታወት ፊት፣ በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ ቆመው ከንፈርዎን ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። የሚከተሉትን ይፈልጉ፦

- ሲቦርሹ፣ ሲፍቁ ወይም እንደ በቆሎና ቆሎ ያለ ጠንካራ ነገር ሲበሉ የሚደማ ድድ
- በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው የድድ ጫፍ ሹል መሆኑ ቀርቶ ማበጡና መደንበሹ
- ቦርሸውም ቶሎ የሚመለስ መጥፎ የአፍ ጠረን ወይም አፍ ውስጥ የደም ጣዕም
- ድድ መሸሽ፦ ጥርስዎ ከቀድሞው የረዘመ መስሎ መታየቱ
- በጥርሶች መካከል ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት፣ ሥጋም ሆነ ጎመን በአንድ ቦታ ደጋግሞ መሰንቀር
- ድዱን ጫን ሲሉት ከሥሩ መግል መውጣት
- የጥርስ መነቃነቅ፣ ወይም ሲነክሱ ጥርሶቹ እንደ ድሮው አለመግጠም

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በመጀመሪያው ደረጃም ይታያሉ። ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ግን ብዙውን ጊዜ በሽታው ወደ አጥንት መድረሱን ያመለክታሉ።

*ድድዎ በተፈጥሮ ጠቆር ያለ ከሆነ፦* በእኛ አገር የብዙ ሰው ድድ ጠቆር ያለ ወይም ጥቁር ጣል ጣል ያለበት ነው። ይህ በሽታ አይደለም። ነገር ግን መቅላት በእንዲህ ያለ ድድ ላይ በግልጽ ላይታይ ይችላል፤ ይልቁንም ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ እብጠቱንና መድማቱን ይመልከቱ።

*ድድዎን ተነቅሰው ከሆነ፦* በተለይ በሰሜን ኢትዮጵያ ያደጉ ብዙ ሴቶች ለውበት፣ አንዳንዶቹም «የሚደማ ድድ ያጠነክራል» ተብለው ድዳቸውን ተነቅሰዋል። ንቅሳቱ በሽታውን አያድንም፤ የድዱን መቅላት ግን ይሸፍነዋል። እናትዎ ወይም አያትዎ የተነቀሰ ድድ ካላቸው «መልኩ ደህና ነው» ብለው አይለፉት፤ ይደማ እንደሆነ ይጠይቋቸው። ዛሬ ለመነቀስ የሚያስቡ ካሉ፣ በጋራ መርፌ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ እንደሚችል ሊያውቁ ይገባል።

*የሚያጨሱ ከሆነ፦* ሲጋራ ወደ ድድ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ የአጫሽ ድድ በሽታው እያለበትም ላይደማ ይችላል። ስለዚህ አለመድማቱ ማረጋገጫ አይሆንዎትም።

ይበልጥ የሚጋለጡት እነማን ናቸው?

ፕላክ ዋናው መነሻ ቢሆንም ሁሉም ሰው እኩል አይጎዳም። የሚከተሉት ነገሮች በሽታውን ያባብሳሉ፦

- *ሲጋራ ማጨስ*፦ በሽታውን ያፋጥናል፣ ሕክምናውም እንዳይሠራ ያደርጋል።
- *ጫት መቃም*፦ ጫቱ ተወጥሮ በሚያዝበት ጉንጭ በኩል ድዱ ሊሸሽ ይችላል። አብሮ የሚወሰደው ስኳርና ሲጋራ ጉዳቱን ይጨምራል።
- *በደንብ ያልተቆጣጠሩት የስኳር ሕመም*
- *እርግዝና*፦ የሆርሞን ለውጥ ድድ ለፕላክ ይበልጥ እንዲቆጣ ያደርጋል።
- *አንዳንድ መድኃኒቶች*፦ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን፣ እንዲሁም ኩላሊት ለተተከለላቸው የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ድድን ያሳብጣሉ። እንዲህ ከሆነብዎት መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ ላዘዘልዎት ሐኪም ይንገሩ።
- *የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም*፦ ለምሳሌ ሕክምና ያልተጀመረለት ኤች አይ ቪ።
- *በቤተሰብ መኖር*፦ ወላጆችዎ በወጣትነታቸው ጥርሳቸው ረግፎ ከሆነ እርስዎም ቀደም ብለው ይመርመሩ።

ድድና ቀሪው ሰውነት

እኔ የጠቅላላ ሕክምና ሐኪም ነኝ፤ የምሠራውም አትላስ አካባቢ ነው። ለስኳርና ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ ታካሚዎቼን አፋቸውን እንዲከፍቱ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ይገረማሉ። «ዶክተር፣ ጥርሴን አላመመኝም እኮ» ይላሉ። የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ።

ስኳርና ድድ እርስ በርስ ይጎዳዳሉ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ድድ ኢንፌክሽንን መቋቋም ያቅተዋል። የተቆጣ ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ፔሪዮዶንታይቲስ ያለባቸው የስኳር ሕሙማን ድዳቸው ሲታከም፣ የሦስት ወሩን የስኳር መጠን የሚያሳየው የኤች ቢ ኤ ዋን ሲ ውጤት በአማካይ 0.4 ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ታይቷል። ይህ የስኳር መድኃኒትን አይተካም፤ ግን ችላ የሚባል ጥቅም አይደለም።

ለነፍሰ ጡሮች፦ ጥርስ መታጠብና ድድ መታከም በእርግዝና ወቅት ይቻላል። የሚመቸው ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ነው። «እስክወልድ ልታገሥ» ብሎ እየደሙ መቆየት አያስፈልግም።

ለልብ ሕሙማን፦ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ የልብና የደም ሥር ሕመም በዛ ብሎ ይታያል። አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው ሌላ ነገር ነው፦ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ካለዎት ወይም ከዚህ በፊት የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ይዞዎት ከነበረ፣ ጥርስዎን ከመታጠብዎ በፊት አስቀድሞ የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ ያስፈልግዎታል። እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም ለጥርስ ሐኪሙ ሳይነግሩ ወንበሩ ላይ አይቀመጡ።

ምርመራው ምን ይመስላል?

የድድ ምርመራ በዓይን አይቶ ብቻ አይጠናቀቅም። የጥርስ ሐኪሙ ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል ቀስ አድርጎ እያስገባ በየጥርሱ ዙሪያ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤናማ ነው። 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ክትትል ይፈልጋል። አጥንቱ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማየት ራጅ ይነሣል።

በአትላስ፣ በቦሌ መድኃኔ ዓለምና በሃያ ሁለት በኩል የጥርስ ክሊኒክ ማግኘት አይቸግርም። ግን ልብ ይበሉ፦ ጥርስ ነጭ ማድረግ፣ ብሬስ ማሠር ወይም ሽፋን ማስገባት የድድ ሕክምና አይደለም። ለእነዚህ ሄደው ድድዎ የሚደማ ከሆነ መጀመሪያ ድዱ ይታከም። የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለመጠየቅ አይፈሩ፦

- የድዴ ኪስ ተለክቷል? ውጤቱ ስንት ነው?
- አጥንቴ ተነክቷል?
- ከእጥበቱ በኋላ መቼ ተመልሼ ልታይ?
- መሣሪያዎቹ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በእንፋሎት ይቀቀላሉ?

የግል ክሊኒክ አቅምዎን የሚፈትን ከሆነ የጥርስ ክፍል ያላቸውን የመንግሥት ሆስፒታሎች ይጠይቁ። ወረፋ ሊኖር ይችላል፤ ቀደም ብለው ከሄዱ ግን ወረፋው ከአጥንትዎ አይቀድምም።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ላይ ቡናማ ቀለም ሊኖር ይችላል። ይህ በልጅነት ከጠጡት ውኃ ፍሎራይድ መብዛት የመጣ እንጂ ታርታር አይደለም፤ በእጥበትም አይለቅም።

ሕክምናው

*የጥርስ እጥበት*፦ ከድድ በላይና በታች ያለው ታርታር ይነሣል። ለመጀመሪያው ደረጃ ይህና በቤት ውስጥ የሚደረገው ጽዳት ይበቃል።

*የሥር ጽዳት*፦ ኪሱ ከጠለቀ ማደንዘዣ ተሰጥቶ የጥርሱ ሥር ድረስ ይጸዳል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቀጠሮ ይወስዳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ኪሱ እንደገና ይለካል። ከዚያም እንደ ሕመሙ ሁኔታ በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ክትትል ይደረጋል።

*ቀዶ ሕክምና*፦ ኪሱ ካልቀነሰ ድዱ ተገልጦ ይጸዳል። መያዣው ጨርሶ የጠፋበት ጥርስ ደግሞ ይነቀላል።

*ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት*፦ ለአብዛኛው የድድ በሽታ አያስፈልግም። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል ገዝተው ሲውጡ ለጥቂት ቀን ሊሻልዎት ይችላል፤ ታርታሩ ግን ቦታው ላይ ስለሆነ ሕመሙ ይመለሳል። በተጨማሪም ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋሉ።

«ጥርስ መታጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ይህ አባባል ግን ከምን እንደመጣ መረዳት ይቻላል። ታርታሩ ለዓመታት በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ፣ አንዱን ጥርስ ከሌላው ጋር አጣብቆ ይቆያል። ሲነሣ ክፍተቱ ይታያል፣ የተነቃነቀው ጥርስ መነቃነቁ ይታወቃል፣ የተጋለጠው ሥርም ቀዝቃዛ ሲነካው ይጠዘጥዛል። ጉዳቱን ያደረሰው ግን ከሥር የነበረው በሽታ ነው፤ እጥበቱ የገለጠው ሸፍኖት የነበረውን ብቻ ነው። ጥዝጣዜው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል፤ እብጠቱ ሲጎድልም ድዱ ጥርሱን አጥብቆ ይይዛል።

በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

1. በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛትዎ በፊት፣ ለሁለት ደቂቃ ይቦርሹ። ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይጠቀሙ።
2. ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገው በቀስታ ያሽከርክሩ። አጥብቆ መፈግፈግ ድድን ያሸሻል።
3. መፋቂያ ከሆነ የሚጠቀሙት ይቀጥሉ፤ በአግባቡ ከተሠራበት ፕላክን ያነሣል። የወይራውን ወይም የምስዋኩን ጫፍ እንደ ብሩሽ እስኪላላ ያኝኩት። ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይፍቁ እንጂ ወደ ጎን አይገዝግዙ። ብዙ ሰው የሚረሳው የውስጠኛውን የጥርስ ገጽና የኋላ መንጋጋዎችን ነው። ያረጀውን ጫፍ በየጊዜው ይቁረጡ። መፋቂያ የጥርስ ሳሙናውን ፍሎራይድ ግን አይተካም።
4. በጥርሶች መካከል በቀን አንድ ጊዜ በጥርስ ክር ወይም በትንሿ የመካከል ብሩሽ ያጽዱ። ስቴክኒ የተሰነቀረ ምግብ ለማውጣት ይሆናል፤ ድዱን አይውጉበት።
5. ድድዎ ከተቆጣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ይጉመጥመጡ። ያስታግሳል፤ ታርታር ግን አያነሣም።
6. ክሎርሄክሲዲን ያለው መጉመጥመጫ ያለ ሐኪም ምክር ከሁለት ሳምንት በላይ አይጠቀሙ፤ ጥርስን ያጠይማል።

ድድ ላይ አስፕሪን ማስቀመጥ፣ ሎሚ ማሸት ወይም አረቄ መያዝ ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ አያድንም።

መቦረሽ እንደጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ቢደማ አይደንግጡ፤ አያቁሙም። ፕላኩ ሲለቅ መድማቱ ይቀንሳል። ከሁለት ሳምንት በኋላም የሚደማ ከሆነ ከሥሩ ታርታር አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

በአስቸኳይ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

- ከትኩሳት ጋር የፊት ወይም የመንጋጋ ሥር እብጠት
- ለመዋጥ፣ ለመተንፈስ ወይም አፍ ለመክፈት መቸገር
- ሳይነካ የሚደማ ወይም ደሙ አልቆም የሚል ድድ፣ በተለይ ሰውነት ላይ መበለዝ፣ ድካም ወይም ትኩሳት ካለ፦ የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ አልፎ አልፎ የደም ካንሰር የመጀመሪያ ምልክቱ በድድ ላይ ይታያልና
- በድንገት የመጣ ከባድ የድድ ሕመም፣ ግራጫ ሽፋን ያለው ቁስልና ኃይለኛ ጠረን

የመጨረሻው በትንንሽ ልጆች ላይ ከታየ አንድ ቀን እንኳ አይዘገይበትም። ምግብ ባነሰው ወይም ከኩፍኝ በተነሣ ሕፃን ላይ እንዲህ ያለ የድድ ቁስል ኖማ ወደሚባለው፣ በቀናት ውስጥ ጉንጭን ወደሚበላ በሽታ ሊለወጥ ይችላል። በብዛት የሚያጠቃው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው፤ በአገራችንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ትኩረት ከሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ካልታከመ እስከ 90 ከመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። ገና ድዱ ላይ እያለ ከተደረሰበት ግን በፀረ ባክቴሪያ፣ በአፍ ጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ማዳን ይቻላል። ክፍለ ሀገር ያሉ ዘመዶችዎ ይህን ቢያውቁ የአንድ ልጅ ፊትና ሕይወት ሊተርፍ ይችላል።

ለእርስዎ ደግሞ መነሻው ቀላል ነው። ዛሬ ማታ ሲቦርሹ የሚተፉትን ውኃ ይመልከቱ። ደም ካለበት ከነገ ጀምሮ የድድዎን ጠርዝ በደንብ ያጽዱ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮም ይያዙ።